ሲበላሽስ ማን ይከፍተዋል?

የገና ሌሊት ነው። ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰች፣ ፆም ፈታን፣ ሁሉም ተመልሶ ተኛ። እኔ አልተኛሁም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብያለሁ። አንድ ጆሮዬ ላይ ኢርፎን አለ። ስልኬን ከተረፈው ድፎ ዳቦ ላይ አስደግፌ፣ የሚያብለጨልጭ የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ አያለሁ።

እማዬ ለበዓሉ ከደብረ ብርሃን መጥታ እዚያው ሳሎን ፍራሽ ላይ ጋደም ብላለች። እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ ነበር።

«ቅዳሴ ነው?» አለችኝ ጋቢዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ።

«አይ እማዬ፣ ኤግዚቢሽን ነው። አሜሪካ።»

«በገና?»

«የእነሱ ገና አልፏል።»

«እህ» አለችና ተመልሳ ተከናነበች።

ሰውዬው የኮምፒውተር ቺፕ የሚሠራው የኤንቪዲያ ድርጅት አለቃ ጄንሰን ህዋንግ ነው። እኛ ጋ ማክሰኞ ታህሳስ 29 ቀን 2017 ሊነጋ ሲል ላስቬጋስ ገና ሰኞ ምሽት ነበር። በማግስቱ ሲኢኤስ ይከፈታል። ሲኢኤስ በያመቱ ጃንዋሪ ላይ ላስቬጋስ የሚዘረጋ የኤሌክትሮኒክስ ንግድ ትርኢት ነው። በዚያ ዓመት ከ4,500 በላይ ድርጅቶች ዕቃቸውን ይዘው መጥተዋል፤ ከ140 ሺህ በላይ ሰው ሄዶ አይቶታል። ቀኑ ደግሞ ሁሌ ገናን ተጠግቶ ነው የሚውለው። ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ዶሮ ሲገዛ «ያ ነገርህም ደረሰ አይደል?» እባላለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው። የአዳማው የክፍያ መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ፣ አንድ ኮንቴይነር ውስጥ ስልክ፣ ቲቪ፣ ስቶቭና ምጣድ እጠግናለሁ። ሰፈሩ «ኢንጂነር» ይለኛል። ኢንጂነር አይደለሁም። መርካቶ አንድ ሬዲዮ ሠሪ ጋ ሦስት ዓመት ብሎን ስፈታ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ያስተማሩኝ ጋሼ አንድ ልማድ ነበራቸው። አዲስ ዓይነት ዕቃ እጃቸው ሲገባ ፊቱን አያዩም። ገልብጠው ጀርባውን ያያሉ፣ ብሎኑን ይቆጥራሉ። ከዚያ «ሲበላሽስ ማን ይከፍተዋል?» ይላሉ። ብሎን ከሌለው መልሰው ያስቀምጡታል።

ላስቬጋስንም የማየው እንደዚያ ነው። ገልብጬ።

ትርኢቱ የጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በ1967 ኒውዮርክ ውስጥ ነው። በ1970 የቪዲዮ ማጫወቻ፣ በ1981 የሲዲ ማጫወቻ ለሰው የታየው እዚያ ነው። ዲቪዲም በ1996። እኔ መርካቶ ስገባ ጋሼ ጋ መደርደሪያው ላይ አቧራ የጠጡ ዴኮች ነበሩ። ካሴት ጎርሰው አልተፋም ያሉ። የመጀመሪያ ካቻቢቴዬን ያሟሸሁት በእነሱ ነው። እና ያ ሁሉ ጭብጨባ የተጨበጨበለት ዕቃ ከስንት ዓመት በኋላ እኔ እግር ሥር ተከምሮ ነበር ያገኘሁት። ላስቬጋስ ዕቃው ሲወለድ ታያለች፣ እኔ ሲታመም አየዋለሁ።

ከሁሉም የምወደው የሲኢኤስ ታሪክ ግን ስለ ዕቃ አይደለም። ጥር 2 ቀን 2010፣ በእነሱ ጃንዋሪ 10 ቀን 2018፣ ትርኢቱ ደርቶ ሳለ መብራት ሄደ። እዚያው ላስቬጋስ! የዓለም ትልልቅ ቲቪዎች በተደረደሩበት ዋና አዳራሽ ውስጥ እልም አለ። 2 ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ። ምክንያቱ ሲጣራ፣ ከባድ ዝናብ ጥሎ ስለነበር እርጥበቱ ትራንስፎርመር ላይ ብልጭታ ፈጥሮ ነው ተባለ። ይህን ያነበብኩት ኮንቴይነሬ ውስጥ በሻማ ቁጭ ብዬ ነው። ብቻዬን ሳቅኩ። ዝናብና ትራንስፎርመር! ክረምት በመጣ ቁጥር የምንሰማት ምክንያት እኮ ናት።

ደንበኛ መጥቶ «ይሄ አገር እኮ...» ብሎ ሲጀምረኝ ይህችን እነግረዋለሁ። ትንሽ ቀለል ይለዋል። እነሱ ጋ ግን 2 ሰዓት ጠፍቶ የዓለም ዜና ሆነ። እኛ ጋ 2 ሰዓት ብቻ ከጠፋ «ዛሬስ ቶሎ መጣ» ነው የምንለው።

ወደ 2017ቱ ትርኢት ልመለስ። የህዋንግን ቺፖች ቶሎ ልለፋቸው። አዲሶቹ የጌም ካርዶች ዋጋቸው ሲነገር ከ549 ዶላር ይጀምራል፤ ትልቁ 1,999 ነው። እዚያ አዳራሽ ተጨበጨበ። እኔ ግን ዶላሩ ከ120 ብር በላይ በሆነበት ዘመን በልቤ አባዛሁት። ትንሹ ካርድ ብቻ ከ65 ሺህ ብር አለፈ። ያውም ቀረጥ ሳይጨመር። ታች ያለው የፕሌይስቴሽን ቤት ባለቤት ጠዋት «እንዴት ነበር?» ሲለኝ «ለእኔና ለአንተ አይደለም» ብዬው አለፍኩ።

ብዙ ሰው የተቀባበለው ግን ሮቦሮክ የሚባል ድርጅት ያመጣውን መጥረጊያ ነው። ሳሮስ ዜድ70 ይባላል። ክብ ሆኖ ወለል ለወለል እየተሽከረከረ አቧራ የሚመጥ ሮቦት፣ ይሄ የቆየ ነገር ነው። አዲሱ ነገር ጀርባው ይከፈትና ክንድ ይወጣለታል። ክንዱ ወለል ላይ የወደቀ ካልሲ ለቀም አድርጎ ወስዶ ቦታው ያስቀምጣል። የሚያነሳው እስከ 300 ግራም ነው። ካልሲ ይችላል። የልጄን የጭቃ ጫማ እንጃ።

ቪዲዮውን ጠዋት ቡና ሲፈላ ለቤተሰቡ አሳየሁ። ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ረከቦቱ መሃል ላይ ነው፣ ፈንዲሻው ከቄጠማው ጋር ተቀላቅሏል። እማዬ ስልኩን ተቀብላ ራቅ አድርጋ አየችው።

«መሬት ላይ ያለውን ሁሉ ነው የሚያነሳው?»

«አዎ።»

ቁልቁል ቄጠማውን አየች። «ታዲያ በዓሉን ሊጠርገው ነዋ!»

ሁላችንም ሳቅን። በኋላ ግን ነገሯ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ያ ማሽን ካሜራ አለው፤ ያየውን ለይቶ «ይሄ ካልሲ ነው፣ ይሄ ቆሻሻ ነው» ይላል። ያንን መለየት ያስተማረው ሰው አለ። ያ ሰው ሣር ሆን ተብሎ ቤት ውስጥ የሚነሰነስበትን ቤት መቼም አይቶ አያውቅም። እንደ ጠጋኝ ደግሞ ሌላም ታየኝ። ክንድ ማለት መገጣጠሚያ ማለት ነው። መገጣጠሚያ ማለት አቧራ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። የእኛን ሰፈር አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከኮዬ ፈጬ በኩል ንፋስ ሲነሳ ዘግተነው የሄድነው መስኮት ሥር እንኳ እንደ በሶ ይከመራል።

ማቀዝቀዣዎቹም ያን ዓመት ሁሉም ኤአይ፣ ማለትም ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ያላቸው ናቸው። ኤአይ የሌለው ዕቃ ለማግኘት አዳራሹን መዞር ሳያስፈልግ አይቀርም። የሳምሰንጉ ውስጡን በካሜራ አይቶ፣ ያለቀውን አውቆ፣ አሜሪካ ባለ የማድረሻ አገልግሎት በኩል እንድታዝ ያደርጋል። ጥሩ ነው። እኛ ብሎክ ግን 4ኛ ፎቅ ያሉት እናት በገመድ ፌስታል ያወርዳሉ። ፌስታሉ ውስጥ ብርና ብጣሽ ወረቀት አለ። ባለሱቁ ሽንኩርቱን ጨምሮ ገመዱን ነካ ነካ ያደርጋል፤ ይሳባል። መብራት ኖረም አልኖረም ይሠራል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተበላሸው፣ ገመዱ ሲበጠስ። ቋጠሩት፣ አለቀ።

ቲቪ ላይ ግን ቆም ልበል። እንጀራዬ ስለሆነ።

ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት አንድ ወጣት ቲቪውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በባጃጅ ይዞ መጣ። «ድምፅ አለ፣ ምስል የለም።» ይህችን አረፍተ ነገር በሳምንት ሦስቴ እሰማታለሁ። ሰካሁት። እውነትም ያወራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። መብራቱን አጥፍቼ የስልኬን ባትሪ አበራሁና ስክሪኑ ላይ አስጠጋሁት። «ና እየው» አልኩት። ጎንበስ ብሎ አየ። የባትሪው ብርሃን ባረፈበት ቦታ ብቻ፣ እንደ ጥላ ደብዘዝ ብሎ፣ ዜና አንባቢዋ ትታያለች። «አለች እንዴ!» አለ ልጁ። አለች። ምስሉ አልጠፋም፤ ከኋላው የሚያበራለት መብራት ነው የጠፋው። ባክላይት የምንለው። ኤልሲዲ ስክሪን ራሱ አያበራም። እንደ መስኮት መጋረጃ ብርሃን ያሳልፋል ወይም ይከለክላል እንጂ። ከጀርባው በረድፍ የተደረደሩ ትንንሽ አምፖሎች አሉ። አንዷ ስትቃጠል ብዙ ጊዜ ረድፉ በሙሉ ይዘጋል። ይከፈታል፣ ይቀየራል፣ ልጁ ገናን በቲቪው ያከብራል።

አሁን የላስቬጋሱን ልንገራችሁ። ኤልጂ በ2016 ዓ.ም. ብርጭቆ የመሰለ ቲቪ አሳይቶ ነበር። ሲጠፋ ከጀርባው ያለውን ግድግዳ፣ መጽሐፍ፣ ሰው ታያለህ። ሲበራ ምስሉ አየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ይህ የሚቻለው ኦሌድ ስለሆነ ነው፤ እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ታበራለች፣ ከኋላ አምፖል አያስፈልጋትም። እንደ ሙያ ካየኸው ውብ ነገር ነው። ቪዲዮውን አራቴ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አስቂኙ ነገር፣ ጥቁሩ ጥቁር እንዲመስል ሲፈለግ ከታች የሚሳብ ጥቁር መጋረጃ ገጥመውለታል። ማለትም የሚያሳልፍ ቲቪ ሠርተው፣ ቲቪ ለማየት ሲፈለግ መጋረጃ ይዘረጉበታል። ባለ 77 ኢንቹ አሜሪካ ለገበያ የወጣው በ59,999 ዶላር ነው። ከ7 ሚሊዮን ብር በላይ። የአንድ ዶላር ቅናሿን እነሱ ያውቁታል።

ከዚህ ሁሉ ግርግር «ይሄንንስ ላምጣው» ያልኩት አንድ ነገር ነው። ማንኪያ።

ኪሪን የሚባል የጃፓን የቢራ ድርጅት ነው ያመጣው። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሠራው ነው፤ ጃፓን ውስጥ መሸጥ የጀመረው በ2016 ዓ.ም. ሲሆን ዋጋው 19,800 የን ነበር። ማንኪያው እጀታው ውስጥ ባትሪ አለው። ጫፉ ላይ በጣም ደካማ ኤሌክትሪክ ይለቃል። ጨው ምግብ ውስጥ ሲሟሟ ሶዲየሙ ለብቻው የሚንሳፈፍ ሆኖ ይበተናል፤ ሁሉም ምላስ ላይ አያርፍም። ማንኪያው የሚያደርገው በኤሌክትሪኩ ያንን ሶዲየም ወደ ምላስ መሰብሰብ ነው። ጨው አይጨምርም። ያለውን ጨው እንዲሰማህ ያደርጋል። ድርጅቱ ጨዋማነቱ እስከ 1.5 እጥፍ ይሰማል ይላል። ከጀርባው ያሉት ተመራማሪ ሆሜይ ሚያሺታ ከሂሮሚ ናካሙራ ጋር በኤሌክትሪክ ቾፕስቲክና ስትሮ ላይ ለሠሩት ሥራ በፈረንጆቹ 2023 ኢግ ኖቤል ተሸልመዋል። ኢግ ኖቤል መጀመሪያ አስቆ ቀጥሎ ለሚያሳስብ ጥናት የሚሰጥ ሽልማት ነው።

እኔን አላሳቀኝም። እማዬ ደም ግፊት አለባት። ሐኪሙ ጨው ቀንሺ ካላት ጀምሮ ምግብ ስታይ ፊቷ ይወድቃል። ባለቤቴ ለብቻዋ አልጫ ትሠራላታለች። እማዬ ትጎርሳለች፣ ታመሰግናለች፣ ከዚያ ማንም ሳያያት የልጄን ሰሃን ጠርዝ በእንጀራ ጠረግ ታደርጋለች። ገና ዕለትም አይቻታለሁ። አየችኝም። ሁለታችንም ምንም አላልንም።

ስለ ማንኪያው ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝ።

«ኤሌክትሪኩ አይዝም?»

«አይ፣ በጣም ትንሽ ነው። አይታወቅሽም።»

«ሽሮውንስ በማንኪያ ልበላ ነው?»

እዚህ ጋ ዝም አልኩ። ልክ ናት። ጃፓኖቹ ማንኪያውን ያሰቡት ለሾርባ ነው። ኤሌክትሪኩ ዙሩን የሚጨርሰው በእጀታው፣ በእጅህ፣ በሰውነትህ፣ በምላስህና በምግቡ በኩል ነው። እኛ በእጃችን ነው የምንጎርሰው። ማታውን ሙሉ ሳስብ ነበር። ጣት ላይ የሚጠለቅ ነገር ቢሆንስ? እንጀራው እርጥብ ነው፣ ወጡ እርጥብ ነው፣ ያስተላልፋል። አንዱ ጫፍ የእጅ አንጓ ላይ፣ አንዱ ጣት ላይ። ወረቀት ላይ ስዬው ሁሉ ነበር። ከዚያ ባለቤቴ አይታው «በእናትህ ላይ ልትሞክረው ነው?» አለችኝ። አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ምጣዱ።

እኛ ብሎክ ጀርባ ያለው ኮሚናል ውስጥ እንጀራ ጋግረው የሚያከፋፍሉ እትዬ አሉ። ለገና ዋዜማ 200 እንጀራ ታዘው ነበር። ሰኞ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ልጃቸው እየሮጠ መጣ። «ምጣዱ ሞተ፣ እማማ ናልኝ ትልሃለች።»

ሄድኩ። ምጣዱ አልሞተም። በእጄ መዳፍ ከላይ ጠጋ ብዬ ሳየው ለብ ብሏል። የመጨረሻው እንጀራ ሰፌዱ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፤ ዓይን የለውም። እንደ ቂጣ ድፍን ነው። እትዬ ክንዳቸው ድረስ ሊጥ ነው፣ ዓይናቸው ቀልቷል።

ቴስተሬን ሶኬቱ ላይ ሰካሁት። 165። መሆን ያለበት 220 ነው። ዋዜማ ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ በአንዴ ይጋግራል፣ ይጠብሳል። መስመሩ ደክሟል። ሰው «ትንሽ ነው የቀነሰው» ይላል፣ ሩብ ነው በማለት። ነገር ግን ሙቀት እንደዚያ አይቆጠርም። ቮልቱ ሲቀንስ በሽቦው የሚያልፈውም አብሮ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ቅነሳው ሁለቴ ይመታል። 165ን ለ220 አካፍለህ በራሱ ስታባዛው 0.56 ይመጣል። ምጣዱ ግማሽ የሚጠጋ ጉልበቱን አጥቷል ማለት ነው። በግማሽ እሳት እንጀራ ዓይን አያወጣም።

«እትዬ፣ ምጣዱ ጤነኛ ነው። ሌሊት ሰዉ ሲተኛ ይመለሳል።»

«ሌሊት እኮ ልደት ነው ልጄ።»

ልጃቸው 15 ዓመቱ ነው፣ ከእኔ ጋር ቪዲዮ የሚያይ። «ያ በሲኢኤስ የሚያሳዩት ትልቁ ባትሪስ?» አለኝ። ፓወር ስቴሽን ማለቱ ነው። እውነት ነው፣ ያን ዓመትም በየዓይነቱ ነበሩ። አንከር የሚባል ድርጅት በላዩ ላይ ሶላር የተሰፋበት የባህር ዳርቻ ዣንጥላ ሁሉ ይዞ መጥቷል። እነዚህ ባትሪዎች ለላፕቶፕ፣ ለዋይፋይ፣ ለቲቪ፣ ለአምፖል ግሩም ናቸው። ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ሰው ገዝቶ አይቻለሁ፤ አልተቆጩም።

ምጣድ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። የአንድ ካርቶን ክዳን ላይ ለልጁ ጻፍኩለት። ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይጎትታል። በእጅ የሚያዝ፣ 1 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 2 ኪሎዋት እንኳ አያወጣም፣ ምጣድ ስትሰካበት ራሱን ያጠፋል። ይችላል እንበል። 1 ለ3.5 ሲካፈል 17 ደቂቃ ነው። ከዚያ ላይ ምጣዱ እስኪግል የሚሄደውን ቀንስ። የቀረው ሁለት ሦስት እንጀራ ቢያወጣ ነው።

ልጁ ካርቶኑን ትክ ብሎ አየው። «ስለዚህ 200 እንጀራ ለመጋገር...»

«አትቁጠረው» አልኩት።

ላስቬጋስ አዳራሽ ውስጥ እነዚህን ባትሪዎች በቡና ማሽን ነው የሚያሳዩት፣ በትንሽ ማቀዝቀዣ። ገና ዋዜማ ቱሉ ዲምቱ ኮሚናል ውስጥ የቆመ ሰው ስለሌለ ምንም አልፈርድም። ግን አንድ ቀን እዚያ ብገባ፣ ምጣድ በጀርባዬ አዝዬ ነው የምገባው። በየዳሱ «ይሄንን ይችላል?» እያልኩ።

እትዬ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ቮልቱ ሲመለስ ጀመሩ። ቅዳሴውን የሰሙት ከቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ነው፣ ምጣዱ አጠገብ ቆመው።

ባትሪ ካነሳሁ አይቀር የራሴንም ኃጢአት ልናገር። ዓምና 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚል የተጻፈበት ፓወር ባንክ ከአንድ ጅምላ ሻጭ አምጥቼ ለዚሁ ልጅ ሸጥኩለት። በሳምንቱ «ስልኬን አንዴ እንኳ አይሞላም» ብሎ መለሰው። ከፈትኩት። ውስጡ አራት ሲሊንደር ባትሪ ተደርድሯል፤ ሽቦ ያለው ግን አንዱ ብቻ ነው። ሦስቱን በካቻቢቴ ስበሳቸው እንደ ደረቅ ጭቃ ያለ ነገር ፈሰሰ። ክብደት እንዲመስል። እኔ፣ ጀርባ ገልብጬ አያለሁ የምለው ሰውዬ፣ ሳልከፍት ሸጥኩ። ብሩን መለስኩለት፤ ለሦስት ቀን ግን ዓይኑን ማየት አልቻልኩም። ለእናንተ የምትሆን ዘዴ፦ ያቺ ሲሊንደር ባትሪ አንዷ 45 ግራም ገደማ ትመዝናለች፣ ጥሩ የሚባለው ዓይነት ቢበዛ 3,500 ይይዛል። 20,000 ለመሙላት ቢያንስ ስድስት ያስፈልጋል። ሚዛን ያለው ባለሱቅ ጋ ጎራ በሉ። 150 ግራም ካለ ውሸት ነው።

የብሎን ነገር ላይ አሜሪካም እንደ ጋሼ የሚያስቡ ሰዎች እንዳሉ ያወቅኩት በዚሁ ትርኢት ነው። የጥገና መብት የሚሉ ቡድኖች በያመቱ ከሲኢኤስ ዕቃዎች መጥፎውን መርጠው «ሽልማት» ይሰጣሉ። ያን ዓመት ለመጠገን በማይመች ዕቃ ያሸነፈው 2,200 ዶላር የሚያወጣ የቅንጦት የጣት ቀለበት ነው። እንቅልፍና የልብ ምት ይለካል። ባትሪው ሲደክም ግን ቀለበቱን ሳትሰብር አታወጣውም። የእማዬ የጋብቻ ቀለበት ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አንዴ ጠቦ አስፍተነዋል።

እኔ ሽልማት የምሰጠው ማንም መድረክ ላይ ላላወጣው ነገር ነው። ለታይፕ ሲ። ከታህሳስ 19 ቀን 2017 ጀምሮ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ የሚሸጥ አዲስ ስልክ፣ ታብሌት፣ ካሜራ በገመድ የሚሞላ ከሆነ በዚህች ሶኬት መሆን አለበት። ሕጉ የእነሱ ነው፤ ነገር ግን ፋብሪካ ለእኛ ብሎ ሌላ ቀዳዳ አይሠራም። ኮንቴይነሬ ውስጥ አንድ መሳቢያ አለ። ቀጭኗ የኖኪያ ፒን፣ ወፍራሟ፣ ሰፊዋ፣ በአንድ ወገን ብቻ የምትገባዋ፣ ሁሉም ተቆላልፈው እንደ አንጀት ይጎተታሉ። በፈረንጆቹ 2027 ደግሞ እዚያው አውሮፓ ውስጥ ባለቤቱ ራሱ ባትሪውን አውጥቶ ሊቀይር የሚችልበት ዕቃ በአብዛኛው ግዴታ መሆን ይጀምራል። ሥራዬን ይቀንስብኛል? ይቀንሳል። ይቀንስ። ሙጫ በሙቀት እያላቀቅኩ ያበጠ ባትሪ ሳወጣ ስንቴ እጄን እንዳቃጠልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሐሙስ ጥር 1 ኮንቴይነሩን ከፈትኩ። ላስቬጋስ አንድ ቀን ይቀራታል። እትዬ መጡ፣ ልጃቸው ምጣዱን በጭንቅላቱ ተሸክሞ። በዓሉ እንዳለቀ፣ አሁን የእውነት ሞቷል። ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ ሦስት ብሎን አለ። ፈታሁ። ሬዚስታንሱ አንድ መገጣጠሚያው ላይ ነዶ ተበጥሷል፤ ዙሪያው ጥቁር ሆኗል። አዲስ ሽቦ ቆርጬ በቦዩ ውስጥ ማስገባት ጀመርኩ።

እትዬ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ጠረጴዛው ላይ የተከፈተውን ስልኬን ያያሉ። ህዋንግ እንደገና መድረክ ላይ ነው፣ ከጀርባው ሮቦቶች ቆመዋል። ልጃቸው ሊያስረዳቸው ሞከረ። ቺፑን፣ ኤአዩን፣ ዋጋውን። ዝም ብለው ሰሙት።

«ያ የለበሰው ቆዳ ነው?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ።»

«ታዲያ እሳት አጠገብ አይውልም ማለት ነው» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሽቦውን ጠበቅ አድርግልኝ፣ ለጥምቀት ታዝዣለሁ።»